በሽማግሌነት የሄድኩበት አዳራሽ

ሴፕቴምበር 8፣ ሰኞ

አዲስ ደብተር። አሮጌው በልጄ በሊድያ የትምህርት ቤት ጣጣና በእኔ ወገብ ሕመም ሞልቶ አለቀ። ይኼኛው በደግ ነገር ይሙላ።

አለቃዬ ማርሌስ የወደቡ ፖሊሲ ረቂቅ ከገና በፊት ማለቅ አለበት አለች። የአገሪቱ የንግድ ወደቦች ከእንግዲህ ምን እንደሚያራግፉ፣ ወዴት እንደሚሰፉ፣ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ የሚወስን ሰነድ ነው። እኔ የያዝኩት የቦታና የደኅንነት ምዕራፉን ነው። ነዳጁ ቀስ እያለ ሲቀር በምትኩ አሞኒያ በመርከብ ይመጣል። ንጹሕ ኃይል ነው ይሉታል፤ ካፈተለከ ግን ሳንባ ያቃጥላል። ስለዚህ በጋኖቹ ዙሪያ ካርታው ላይ ቀይ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ ውስጥ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት አይፈቀድም። ትምህርት ቤት የለም፣ ክሊኒክ የለም፣ የጸሎት ቤት የለም። መስመሩን የሚያሰምሩት መሐንዲሶቹ ናቸው፤ ምክንያቱን በሚያምር ደችኛ የምጽፈው እኔ ነኝ።

እስኪታተም ድረስ ምስጢር ነው። ወሬው ከወጣ የመሬት ነጋዴ ይሻማበታል።

ማርሌስ ስለ ቋሚ ቅጥሬም ከበዓሉ በፊት እንነጋገራለን ብላለች። በጊዜያዊ ውል መኖር ሰልችቶኛል። ግን እሱን ብዬ አይደለም የምሠራው።

ሴፕቴምበር 14፣ እሑድ

ከሮተርዳም ወደብ አጠገብ ያለው ሆግቭሊት ሰፈር ዋልኩ። በኪራይ የምንሰበሰብበት የትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ ዛሬም የላብ ጫማ ይሸታል። ፓስተር እዮብ እንደ ወትሮው ከቅርጫት ኳሱ ቀለበት ሥር ቆሞ ሰበከ። ከጸሎቱ በኋላ ጋሼ ፈቃደ ተነሡና "ቤት አገኘን" አሉ። እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው።

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ብቻዬን እዚህ አገር ስገባ ከመጠለያ አውጥተው ያሳደጉኝ ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ ጸሐይወርቅ ናቸው። ጋሼ ፔርኒስ በሚባለው የነዳጅ ማጣሪያ ጋን ሲያጥቡ ኖሩ፤ ሳንባቸው ሲደክም ካሳ ተሰጣቸው። ያችን ካሳ ነው አሁን ለቤቱ መግዣ ያስቀመጡት። ሌላው ምእመንም አዛውንት እያጠበ፣ ሆቴል እያጸዳ ስንት ዓመት ያጠራቀመውን ጨመረ። ይኼ ገንዘብ አንዴ ከሄደ ሌላ አይመጣም።

አዳራሹ ከግድቡ ሥር ያለ የቀድሞ የጀልባ ሞተር መጠገኛ ነው አሉ። ባለቤቱን ለመጠየቅ ሽማግሌ እንልካለን ሲሉ ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

"ለልጅ ሽማግሌ የሚልክ ሕዝብ የጌታን ቤት በኢሜይል ይጠይቃል? እኔ፣ ፓስተር እዮብና የትነበርሽ እንሄዳለን" አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

"ሴት ሽማግሌ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?" አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ።

"ደችኛውን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። ደግሞም የመንግሥት ሰው ናት።"

ስንበተን ጋሼ ጠጋ አሉኝ። "ሽማግሌ ነውሩን ወደሚያውቀው ቤት አይሄድም፤ የአባቶች ወግ ነው። ልብሽ ካልፈቀደ ቅሪ። ለምን ቀረሽ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም" አሉኝ። "ምን ሊሆን ጋሼ፣ እመጣለሁ እንጂ" አልኩ።

እንዲህ ያለ ወግ ይወዳሉ።

ሴፕቴምበር 16፣ ማክሰኞ

በችኮላ። አድራሻውን ካርታችን ላይ ፈለግኩት። ሁለት ረቂቅ መስመሮች አሉ። ጠባቡ ከጸደቀ አዳራሹ ውጪ ነው። ሰፊው ከጸደቀ ውስጥ ነው፤ ያውም መሐል ላይ።

ገና አልተወሰነም። ጠባቡ ነው የሚሆነው። ሁልጊዜ ጠባቡ ነው የሚያሸንፈው።

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ

ሄድን።

ጋሼ ከሙሉ ልብሳቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ ፓስተር እዮብ ከረባቱን አሥር ጊዜ ያስተካክላል፤ እኔ በሥራ ጃኬቴ። ኮር የሚባለው ባለቤት በቱታ በሩን ከፈተና የይሖዋ ምስክሮች መስለነው "አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ሊዘጋብን ነበር። ሳቄን ዋጥ አድርጌ አስረዳሁት። ወንበር አመጣ። ጋሼ አልቀመጥም አሉ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም በይው።" አልኩት። ቆመን፣ ጋሼ እጃቸውን አጣምረው፣ ከየት እንደመጣን፣ በሰው አዳራሽ ስንት ዘመን እንደዘመርን፣ ልጆቻችን የት እንደሚዳሩ፣ ሬሳችን ከየት እንደሚሸኝ ሲናገሩ እኔ እየተከተልኩ ተረጎምኩ። ሰውየው ዓይኑ ረጠበ። በሕይወቱ እንዲህ ቆሞ የለመነው ሰው የለም መሰለኝ።

እሺ አለ። ተቀመጥን። ብስኩት ቀረበ።

ከዚያ ጋሼና ፓስተሩ ምሰሶውን እየደበደቡ ጥንካሬውን ሲያዩ፣ ኮር በመስኮቱ በኩል ጠራኝ። ከማዶ የፔርኒስ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። "ደን ሃግ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠሪው አሉኝ። እንግዲያው ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። በበጋው መሬት የሚለኩ ሰዎች ከወንዙ ማዶ አይቻለሁ። እዚህ ብዙ የሚያቆዩን አይመስለኝም፤ ለዚህም ነው የምሸጠው። እኔ ሰው አላታልልም፤ ለሰዎችሽ ንገሪያቸው፣ ከዚያ ይወስኑ" አለኝ።

ጋሼ ከምሰሶው ዞር ብለው "ምን ይላል?" አሉኝ።

"አርጅቻለሁ፣ ሥራው ከብዶኛል ይላል" አልኩ።

ኮር ፊቴን አየና አንገቱን ነቀነቀ፤ የነገርኳቸው መስሎት። የጋሼን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? የሰውየው ቃል ግምት ነው። ተራ ግምት። ግን በእኔ አፍ ካለፈ የመሥሪያ ቤቱ ማረጋገጫ ይሆናል። ሆድ ይፍጀው። ደግሞ ጠባቡ ነው የሚጸድቀው።

ሴፕቴምበር 25፣ ሐሙስ

ሊድያ የድሮ ፎቶዎች ስትበረብር መሐላ የፈጸምኩበትን ቀን አገኘች። "ማማ፣ kijk nou! እይው እስቲ፣ ጣትሽን እንደ ንግሥት ሰቅለሽ!" ብላ ሳቀችብኝ።

እዚህ አገር መንግሥት ሥራ ስትገባ ሁለት ምርጫ አለህ። ወይ "ቃል እገባለሁ" ትላለህ፤ ወይ ሁለት ጣትህን አንሥተህ በሁሉን ቻይ አምላክ ስም ትምላለህ። አብረውኝ የገቡት ሁሉ ቃል ገቡ። እኔ ማልኩ። የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ላልገልጥ፣ እግዚአብሔር ይርዳኝ ብዬ። ፎቶው ላይ ጋሼ ከኋላ ወንበር በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። የዚያን ቀን በትራም ስንመለስ "ከዛሬ ጀምሮ ሥራሽን የሚነካ ነገር አልጠይቅሽም። እኔ ያሳደግኳት ልጅ በእኔ ምክንያት መሐላዋን አታፈርስም" አሉኝ። ቃላቸውን እስከ ዛሬ ጠብቀዋል። አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

እንግዲህ እጄ የታሰረው በዚህ ነው። በሌላ በምንም አይደለም።

ኦክቶበር 6፣ ሰኞ

የወሩ መጀመሪያ ሰኞ ነውና እኩለ ቀን ላይ የአደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ለሙከራ ጮኸ። ሁሉም ሰው ዳቦውን መግመጡን አላቋረጠም። እኔም ስንት ዓመት ሰምቼው ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

ከኋላዬ ባለው ጠረጴዛ ሁለት ባልደረቦቼ ስለ ሰፊው መስመር ያወራሉ። "ከሆግቭሊት በኩል ብዙ ተቃውሞ አይመጣም። እዚያ ያለው ሕዝብ የሕዝብ አስተያየት ጉባኤ አይመጣም።"

"ስብሰባው በእሑድ ከሰዓት ካልሆነ በቀር አይመጡም" ልላቸው ነበር። እሑድ ከሰዓት እንዴት እንደምንሰበሰብ ባዩ! ግን ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እኔም ሾርባዬን ጠጣሁ።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

አምስተርዳም። የወደብ ሰዎች፣ የአውራጃ ሰዎች፣ ጠበቆች። ውኃው ዳር ባለ መስታወት ሕንጻ። ጠዋት ስለ አምስተርዳም ወደብ የድንጋይ ከሰል፣ ከሰዓት የእኛ ጉዳይ።

ሰፊው መስመር አለፈ።

አንዱ ብድግ ብሎ "ቦታ አንዴ ካመለጠ አይመለስም፤ ዛሬ ካልያዝነው ነገ የሌላ ይሆናል" ሲል ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነው። ከረቂቄ ቃል በቃል አነበበው። ሲነበብ ደግሞ ያምራል፤ ምን ላድርግ።

ማርሌስ ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብላ አየችና "በዚህ ቦታ የግል ጉዳይ ያለው፣ ወይም ተቃውሞ ያለው አለ?" አለች። ሥርዓት ነው፤ ሁሌም ትጠይቃለች። ውኃ ጠጣሁ። ብናገር ከጉዳዩ ያወጡኝ ነበር፤ ከወጣሁ ደግሞ ማንን እጠቅማለሁ? ውስጥ መሆን ይሻላል።

በባቡር ስመለስ ውስጥ ሆኜ ምን እንዳደረግኩ አሰብኩ። 

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ ብዬ ሊድያን ብቻዋን ላክኋት። ማታ ስትመለስ እትዬ ጸሐይወርቅ የላኩትን የዶሮ ሾርባ ይዛ መጣች። "አዳራሹ ውስጥ ለመዘምራን መድረክ ይሠራል፣ ጋሼ ፈቃደን 'አንተ ቀለሙን እኔ ልምረጥ' አልኩት፣ እሺ አለኝ" ብላ ፈነጠዘች። "አንተ" አትበይ፣ "እርስዎ" በዪ ብዬ ተቆጣኋት። ቁጣዬ ከልኩ አለፈ። ልጅቷ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

ሾርባውን ሳልነካ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩት።

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

ደወልኩ። ብዙ ተለማምጄ ነው የደወልኩት።

"ጋሼ፣ ለምን ትንሽ አትቆዩም? ክረምቱ ይለፍ፤ በጸደይ ቢሆን…"

"ኮር ክረምቱን ልጁ ዘንድ ስፔን ሊሄድ ነው። ሳይሄድ እንጨርስ ብሏል። ፓስተር እዮብም ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ጠይቋል፤ ምንም የሚከለክል ነገር የለም አሉት።"

የለም ያሉት ስላልነገርናቸው ነው። ይህን አላልኩም።

"ምክንያት አለሽ ልጄ?"

"የለም፤ እንዲያው ሰው ሲቸኩል…"

ትንፋሻቸው ሲያፏጭ ይሰማኛል፤ ቅዝቃዜ ሲመጣ ይብስባቸዋል። ከዚያ "እንግዲያው አትፍሪ። አንቺ እኮ ከልጅነትሽ ፈሪ ነሽ፤ ሊፍት እንኳ ትፈሪ ነበር" ብለው ሳቁ።

ሳቅኩ። ስልኩን ዘግቼ ደግሞ አለቀስኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ቅጠሉ በእጄ ነበር።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ሁላችንም በእግር ወደ አዳራሹ ሄድን። ገና ቁልፍ የለንም፤ በውጪ ግድግዳው ላይ እጃችንን ጭነን ጸለይን። ከማዶ የሆነ የሚቆረቁር ሽታ መጣ፤ ለሆግቭሊት ብርቅ አይደለም፤ ሰዎቹ መሐረብ አፍንጫቸው ላይ አድርገው መዝሙሩን ቀጠሉ። አንዲት እናት የሕፃኗን ጋሪ በፕላስቲክ ሸፈነች። ጋሼ ሳል ያዛቸውና ግድግዳውን ተደገፉ።

እኔም እጄን ጭኜ ነበር። ሸክላው በረዶ ነው።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

ቋሚ ሆንኩ!

ማርሌስ ክፍሏ ጠርታ ፈረመችልኝ። "አንቺን የምወድልሽ በስሜት አለመነዳትሽ ነው። ይህን ምዕራፍ ሌላ ሰው ቢይዘው ኖሮ ያለቅስብኝ ነበር" አለች። ለክፍሉ ኬክ ገዛሁ። እዚህ ኬክ የሚገዛው ባለ ደስታው ነው። አሁን ላክ በሚባለው ሰፈር ያለችውን ጠባብ የኪራይ ቤት ትቼ የባንክ ብድር መጠየቅ እችላለሁ። ሊድያም ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አልጨነቅም።

ደስ ብሎኛል። ለምን ደስ አይለኝም? ሠርቼበታለሁ።

ለጋሼ ገና አልነገርኳቸውም።

ኖቬምበር 23፣ እሑድ



እራት ጋሼ ቤት ነበርን። ሊድያና እትዬ ጸሐይወርቅ ሳሎን ስለ መጋረጃ ይከራከራሉ። እኔ ዕቃ አጥባለሁ፣ ጋሼ ያደርቃሉ። ሐሙስ ሮተርዳም፣ ውል የሚያጸድቀው ኖታሪስ ጋ የአዳራሹ ግዢ ፊርማ ነው። ድንገት እንዲህ አሉኝ፦

"ሐሙስም ብትመጪልን ደስ ይለኛል። ግድ ግን የለም፤ ዋናውን ያኔ አድርገሻል።"

"ምን አደረግኩ ጋሼ?"

"መጣሽ።" ሳህኑን አገላብጠው አደረቁ። "አየሽ፣ ያ ቦታ ከወንዙ ዳር ስለሆነ ከመጀመሪያው ልቤ ይጠራጠር ነበር። አንቺ ደግሞ የወደቡን ነገር እንደምትሠሪ አውቃለሁ። ልጠይቅሽ ግን አልችልም፤ ቃል ሰጥቼሻለሁ። ጠይቄሽ ብትነግሪኝ መሐላሽን አስፈርስሻለሁ፤ ብትዋሺኝ ደግሞ ነፍስሽን አስበድልሻለሁ። ስለዚህ ከሽማግሌዎቹ አደረግኩሽ። ምላስሽን መሐላ አስሮታል፤ እግርሽን ግን ማንም አላሰረውም። ክፉ ነገር ብታውቂ ኖሮ ትቀሪ ነበር። ወጉን ደግሞ ነግሬሻለሁ። መጣሽ፤ እኔም ለጉባኤው ፈርሙ አልኩ።"

ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ገንዳው ውስጥ ተሰበረ። "አይዞሽ፣ የክፉ ነገር መውጫ ነው" አሉና ስብርባሪውን በጣታቸው ለቀሙ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እዚያው፣ እጄ አረፋ እንደሆነ። ሊድያ "ማማ፣ ባቡር ያመልጠናል!" ብላ ጠራችኝ፣ ሄድኩ።

አሁን ሳስበው ሴፕቴምበር ላይ ካርታውን ያየሁት ማክሰኞ ነው። አዳራሹ የሄድነው ቅዳሜ ነው። በመሐሉ ያሉትን ቀናት ሁሉ በር ከፍተው ሲጠብቁኝ ነበር።

ኖቬምበር 26፣ ረቡዕ

ወሰንኩ። ነገ አልሄድም። አልደውልም፣ ምክንያትም አልሰጥም። ጋሼ ወጉን ያውቃሉ፤ የቀረ ሽማግሌ ምን ማለት እንደሆነ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ኖታሪሱ ፊት ባዶ ወንበሬን ሲያዩ እስክሪብቶውን ያስቀምጣሉ። መሐላዬም አይነካም፣ እነሱም ይድናሉ። እግሬ ይናገር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለኝ። ምነው ቀድሞ አላሰብኩት!

ኖቬምበር 27፣ ሐሙስ

ፈቃድ ወስጄ ቤቴ ዋልኩ። ካፖርቴን ለብሼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ለምን ካፖርት እንደለበስኩ አላውቅም። ከሆላንድስ ስፖር ጣቢያ የባቡሩ ማስታወቂያ እስከ መስኮቴ ይሰማል።

ቀጠሮው ሊደርስ ሲል ስልኩ ጠራ። ጋሼ። አላነሣሁም። ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። እንደገና ጠራ። "ገብቷቸዋል፣ አሁን ገባቸው" እያልኩ ጉልበቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ሦስተኛ አልደወሉም። ዝም አለ። ያ ዝምታ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ተንበርክኬ አመሰገንኩ።

ከሰዓት በኋላ ሲደወል አነሣሁ፤ ቁጣቸውንም፣ ጥያቄያቸውንም ልቀበል ተዘጋጅቼ ነበር። ከኋላ እልልታ ይሰማል።

"አይዞሽ ልጄ፣ አትጨነቂ!" አሉ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ከደስታ ነው። "መንገድሽ መሐል፣ ዴልፍት ላይ፣ የባቡሩ መስመር ተበላሽቶ ባቡር ሁሉ ቆሟል፤ ፓስተር እዮብ ስልኩ ላይ አሳየን። በመንገድ እንደቀረሽ ገባን። ኖታሪሱ ይጠበቅ ወይ አለን።"

"እርስዎስ ምን አሉት?"

"ምን እላለሁ? የእሷ እግር በመጀመሪያው ቀን መጥቷል፣ ያ ይበቃናል አልኩት። ፈረምን።"

ካፖርቴን እንደለበስኩ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ጣቢያው ላይ ሰው ተኮልኩሎ ያልመጣ ባቡር ይጠብቃል። እውነታቸውን ነው፣ መስመሩ ቆሟል።

"የትነበርሽ? አለሽ?"

"አለሁ ጋሼ። እንኳን ደስ አላችሁ።"

"ለአንቺም አንድ ቁልፍ አስቀርጸናል" አሉ። "እሑድ ነይና በሩን አንቺ ትከፍቺልናለሽ።"

እሺ አልኩ።